ዙሪያ መንገዱን በጆሮ

ፌብሩዋሪ 24
አዲስ ደብተር ጀመርኩ። አሮጌው አላለቀም፤ መስመሮቹ ግን በጣም ደቃቅ ናቸው፤ ማን እንደዚያ አድርጎ እንደሚያሰምር እንጃ። ይሄኛው ሰፋፊ መስመር አለው። ሻጯ "ለልጅ ልጅዎ ነው?" ስትለኝ አዎ አልኳት። ስክሪብቶውንም ወፍራም ገዛሁ።

ዛሬ ጠዋት ዙሪያውን ጨረስኩ። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከሩብ፤ ለሰባ ሦስት ዓመት ሰው መጥፎ አይደለም። ነፋሱ ከባህር ነበር። እኛ አገር ተራራ የለም፤ ዳገታችን ነፋስ ነው። መንገዱን ግን ያነጠፈው ሰው እጁ ይባረክ። አንድ ጎድጓዳ የለው፣ አንድ እብጠት የለው። በግራ የባህሩ ግድብ፣ በቀኝ ሸምበቆውና ኩሬዎቹ፣ ከዚያ ወዲያ የወፎቹ ጭቃ። የውሃ በር ጠባቂ ሳለሁ ከሥራ በፊት፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቁርስ በፊት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በየማለዳው ዞሬዋለሁ። የቆጠርኩትን ወፍ ለወፎቹ ጥብቅ ስፍራ ቢሮ አስመዘግባለሁ። አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

ለደብተር እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ደብተር አፍ የለውም። በኖቬምበር የዓይን ሐኪሟ ያለችኝን ለሚስቴ ለትሪንቼ አልነገርኳትም። "ጠብታ ታዘዘልኝ" ብያት አለፍኩ። ሐኪሟ ያለችው የዓይኔ መሐል እየሞተ ነው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል፣ መድኃኒት የለውም ነው። ከዚያ ወረቀቷን እያገላበጠች "ብስክሌትም ከእንግዲህ ይቅርብዎት" አለች፤ ስኳር ይቀንሱ እንደሚባለው። የማየው ነገር ሁሉ መሐሉ ላይ አመድ ተነፍቶበታል። የመንገዱ ነጫጭ መስመሮች ግን ግራና ቀኝ ጥርት ብለው ይታዩኛል። ለመንዳት ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ገርብሪክን ከቀበርን ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። የሂልከ ሚስት። ሂልከ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ የከብት እርባታው ከእንጨት ድልድዩ አጠገብ መንገዳችንን ይነካል። ሳጥኑን የተሸከምነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን፤ እንደ ወጉ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞርን። በጣም ቀላል ነበረች። ሄጄ ልጠይቀው ይገባኛል።

ፌብሩዋሪ 27
ችኩል ነኝ። ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ። ዝይ አራት መቶ ገደማ፣ በድምፅ። ቀይ አፍ ወፎቹ ገብተዋል። ከኋላዬ የሆነ ሰው ብስክሌት ሲጢጥ ይላል፤ ዘይት የናፈቀው ካቴና። እንዲያልፈኝ ዳር ያዝኩለት፤ አላለፈም። ሂልከ ጋ ነገ።

ማርች 3
ስኳር ዳቦ ልገዛ ሄጄ፣ በሩን ገና ሳልገፋ ኒንከ ከጓዳ ስታወራ ሰማሁ። ኒንከ ዳቦ ጋጋሪያችን ናት፤ ምላሷ ከምድጃዋ ይብሳል።

"ሳጥኑን ተሸክሞ ሲያበቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ አለፈው እኮ! ሂልከ ቆሞለታል፣ ቆቡን አውልቆለታል፣ እሱ ሽው!"

"ማን ነው?"

"ማን ይሆናል፣ የውሃ በሩ ዊብረን ነዋ።"

የሱቁ በር ሲያቃጭል አፏን ዘጋች። ወጥታ "እንደምን አደርክ ዊብረን፣ ብርዱ እንዴት ነው?" አለችኝ። ከአንገት በላይ ነበር። ዳቦውን ይዤ ወጣሁ፤ አልበላሁትም።

ነገሩ የሆነው ያለፈው ሰኞ ነው። ድልድዩ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ቆሞ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ምሰሶ ነው ብዬ አለፍኩት። እዚህ መንገድ ላይ እኮ ለማያውቁት ቱሪስት እንኳ ከመሪው ላይ ጣት ይነሳል። ሐዘንተኛ መጀመሪያ ከቤቱ ሲወጣ ደግሞ ያገኘው ሁሉ ከብስክሌቱ ወርዶ እጁን ይጨብጣል፤ በእኛ መንደር ይህን ያላደረገ ሬሳው ላይ የተራመደ ያህል ነው። ሂልከ ከቤቱ የወጣው ያን ቀን ነበር። የመጀመሪያው ያገኘሁት ሰው እኔ ነኝ።

ማርች 4
ሄጄ ልንገረው? "አላየሁህም" ብለው "በስድስት ሜትር?" ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የዓይኔ ነገር ነው። ለሂልከ የተነገረ ነገር ደግሞ ከምሳ በፊት መንደሩን ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። ትሪንቼ ትሰማለች። የጥብቅ ስፍራው ኃላፊ ማረይከ ትሰማለች፤ አንድ ቀን አታስነዳኝም፣ እውነትም አላት።

እንግዲህ ወይ መንገዱ ወይ ሂልከ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ሰው የስልሳ ስድስት ዓመት ጓደኛውንና አስፋልትን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል? አስቀመጥኩ። የትኛው እንደከበደም አልጽፍም።

ብልሃት አግኝቻለሁ። ከነገ ጀምሮ ለሁሉም ሰላምታ፤ ማንም ሳይቀር። ሂልከን ሳገኘው ወርጄ አቅፈዋለሁ፣ ያለፈውንም ሐሳብ ይዞኝ ነበር እለዋለሁ።

ማርች 9
አምስት ቀን ሞከርኩ። ሰላምታ ከሰጠኋቸው መሐል ሁለት ቱሪስቶች፣ አንድ ወንበርና ብዙ በጎች አሉ። ዛሬ ደግሞ ድልድዩ አጠገብ ረዘም ያለ ግራጫ ነገር ሳይ ልቤ ዘለለ። ከብስክሌቱ ወረድኩ፣ ጓንቴን አወለቅኩ፣ "ሂልከ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ውሻችሁን በገመድ ያዙ የሚለው ምልክት ነው። ብረቱ በጣም ቀዝቃዛ ነበር።

ብቻዬን ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ከኋላዬም የሆነ ነገር የሳቀ መሰለኝ፤ ወፍ ይሆናል።

ቤት ስገባ ትሪንቼ "ዛሬ ማንን አገኘህ?" አለችኝ።

"ማንንም።"

"ለማንም ሰላም አላልክም?"

"ለማን እላለሁ፣ በዚህ ብርድ?"

ሻይ ቀዳችልኝና ስኒውን እስኪነካኝ ድረስ ወደ ጣቴ ገፋችው። ሰሞኑን እንደዚህ ታደርጋለች። እርጅና ጠባይዋን እያለሰለሰው ነው። ጉንጮቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ እህቷ ጋ ደርሳ መምጣቷ ነው አለች። በጠዋት ምን ሊያደርግላት እህቷ ጋ እንደምትሮጥ አይገባኝም።

ማርች 17
የማልረሳው ቀን። ማረይከ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ አሁንም አጎት ትለኛለች።

"አጎት ዊብረን፣ ቅዳሜ ያስመዘገቧቸው ሃያ ስምንት ስዋኖች..."

"ሂልከ መስክ ላይ ያሉት? አዎ። ትልልቅ፣ ነጫጭ፣ አንገተ ረጅም ወፎች።"

"ዛሬም እዚያው ናቸው።"

"ያርፉ እንጂ። ገና ሩቅ ይሄዳሉ።"

"አጎት ዊብረን፣ ሣር ናቸው። በነጭ ላስቲክ የተጠቀለለ የከብት ሣር።"

የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። ቁጥሩ ሁለት ቀን ሙሉ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ተለጥፎ ከርሟል፦ ሃያ ስምንት ስዋን፣ በሂልከ መስክ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ስቋል። ሂልከም አይቶታል።

"እዚህ መጥቶ ነበር" አለች ማረይከ። "'ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የዊብረን መሳቂያ ሆኛለሁ ወይ?' አለኝ። ምን ልበለው? እርስዎ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ዳክዬ ተሳስተው አያውቁም።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ያልኩት ግን "ቀልድ ነው" ነበር።

"ቀልድ?"

"አዎ። እኔና ሂልከ እንዲህ እንቀላለዳለን።"

ፊቷን ለማየት ሞከርኩ፤ አመድ ብቻ። "መጥፎ ቀልድ ነው፣ አጎት ዊብረን" አለች።

ዕውር ከምባል ጨካኝ ብባል መረጥኩ ማለት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል እኔን።

ማርች 23
እሑድ። ሂልከ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ቀይሯል። አርባ ዓመት ከፊታችን ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ ሳሉ ከወዲያ ማዶ ተሰማኝ። ትሪንቼ በጆሮዬ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለች። እሱን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በኋላ ሳስበው ወደኔ ዞራ ነበር የተናገረችው።

ኤፕሪል 2
ዛሬ ስለ ሂልከ አልጽፍም። ዛሬ የጸጋ ቀን ነው፤ በደንብ ልጻፈው።

ነፋስ የለም። ይህ በእኛ ዳርቻ በዓመት አራት ቀን ቢሆን ነው። ጎማዬ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ያች ቀጭን፣ የማትቋረጥ ሹክሹክታ። አንደኛውን የከብት በር ስከፍት ቀይ አፎቹ ተንጫጩብኝ፤ እነሱ ሁልጊዜ የተበደሉ ናቸው። ከበሩ አልፎ ያለው ሸምበቆ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ነበሩ፤ አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ ዜማውን እያወቀ የሚሰንፍ። ከብት እንዳያልፍ የተነጠፈው ብረት ርብራብ ላይ ብስክሌቱ ጥርሴን ካንቀጫቀጨው በኋላ መንገዱ ወደ ባህሩ ይጠጋል፤ ባህሩ ሸሽቶ ስለነበር ጭቃው ይተነፍስ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሚሊዮን ጉድጓድ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከላዩ ባለ ጉትዬ ወፎቹ እየተገለባበጡ ይጮሃሉ። ይህን ሁሉ ዓይኔ ደህና ሳለ አልሰማሁትም ነበር። ሳይ ነበርና አልሰማሁም።

ምንቃረ ጎባጦቹም ደርሰዋል። ያ ጥቁርና ነጭ ልብሳቸው፣ ያ እንደ መርፌ ወደ ላይ የቀና አፍ! አላየኋቸውም፤ ግን የት እንደሚቆሙ አውቃለሁ፣ አየኋቸው ብል አልዋሸሁም። የውሃ ወለሉ ላይ ሰማይ ተኝቶ ነበር፤ ዳር ዳሩን አየሁት፤ መሐሉን ከትዝታ ሞላሁት። እግዚአብሔር ይህን ቦታ ሲሠራ አልቸኮለም። ያን ሰፊ ነገር ሁሉ ሳይረግጠው፣ ሳይነካው፣ ሽማግሌም ሕፃንም ያለ ድካም እንዲዞረው ይህን ጠፍጣፋ መንገድ ላሰበ ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ምስጋና ይበቃዋል?

ሲጢጥ ባዩ ብስክሌት ዛሬም ከኋላ ነበር። ሰው ለካ እንደኔ ቋሚ ሰዓት አለው። ወዳጅ ሆኖኛል ማለት ይቻላል።

ትሪንቼ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የእህቷ ግቢ ጭቃ የለውም።

ኤፕሪል 11
ቶሎ ልጻፈው።

ሁለተኛው በር አልፎ። ፀሐይ ፊት ለፊት። መስመሮቹ ይታዩኛል። ፈጠን ብያለሁ።

ከኋላዬ ደወል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እንደ እሳት አደጋ። ያለማቋረጥ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፍሬን ያዝኩ።

ሕፃን ልጅ ነበረች። ትንሽ ብስክሌት፣ መንገዱ መሐል ቆማ ጫማዋን ታስራለች። ልክ አመዱ ባለበት ቦታ። ጎማዬ የእሷን ጎማ ነካው። በቃ፣ ነካው ብቻ። እናቷ እየሮጠች መጣች። "ይቅርታ አባባ፣ መንገድ ዘጋችብዎት" አለችኝ። እሷ ይቅርታ ጠየቀችኝ!

ልጅቷ "አላየኸኝም እንዴ?" አለችኝ። እናቷ "አንቱ በይ" ብላ ቆጣቻት።

ደወሉን የደወለውን ሰው ላመሰግን ዞርኩ። ከሩቅ አንድ ጥላ ዞሮ ሲመለስ ብቻ ታየኝ።

ኤፕሪል 14
ሦስት ቀን አልወጣሁም። ጉንፋን ነው አልኩ። ትሪንቼ ሾርባ አመጣችልኝ፣ አተሩን ወፈር አድርጋ፣ እኔ እንደምወደው፤ አልጋው ጫፍ ላይም ተቀመጠች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች።

"ጉንፋን ነው ብዬሻለሁ።"

"እኔም ስለ ጉንፋን ነው የማወራው።"

የልጅቷ ድምፅ አልለቀቀኝም። "አላየኸኝም እንዴ?" ሂልከም ድልድዩ ላይ ቆቡን በእጁ ይዞ ሲቀር በልቡ ያለው ይህንኑ ነው። ሁለቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፣ ለሁለቱም እውነቱን ነፍጌአለሁ። ሰው ከገደልኩ በኋላ መናገር ይቀለኛል ወይ? ነገ ሂልከ ጋ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን።

ኤፕሪል 15
በእግሬ ሄድኩ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ። ያለሱ መራመድ አልለመድኩም። አራት ኪሎ ሜትር ነው። ሂልከ በረት ውስጥ ጥጆች ያጠጣ ነበር።

"ስዋን ቆጣሪው መጣ" አለ።

"ሂልከ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..."

"ይቅርታ ከሆነ ለገርብሪክ ንገራት። መንገዱ አይጠፋህም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስቴ ዞረኸዋል።"

ይገባኛል። ዋጥኩት። "ድልድዩ ላይ አላየሁህም" አልኩ።

"በስድስት ሜትር!"

"አሁንም አላይህም።"

ባልዲው መሬት ነካ። "ታሾፋለህ?"

"ጫማህ ይታየኛል። ከላይ ቆብህ ይታየኛል። መሐሉ ላይ አንተ የለህም፣ ሂልከ። ከኖቬምበር ጀምሮ ማንም የለም። ሣርህንም ስዋን ነው ያልኩት የምሬን ነው።"

ቀረብ አለ፤ የጥጃ ወተት ሸተተኝ። "ይሄ ስንት ጣት ነው?"

"ሕፃን አይደለሁም።"

"ስንት ነው አልኩህ!"

"እጅህን ማንሳትህንም አላየሁም።"

ከዚያ "ሳጥኑንስ እንዴት ተሸከምክ?" አለ፣ በሌላ ድምፅ።

"ሳጥን በትከሻ ነው የሚሸከሙት።"

የምን ሐዘኔታ! ስድብ ነው የወረደብኝ። በአባቱ ቋንቋ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይገባ ቃል ሳይቀር። "እንዲህ ሆነህ ነው በከብቶቼ መሐል ስትከንፍ የከረምከው? ሰው ብትገድልስ? አንተ ብትሞትስ? ሚስቴን በቀበርኩ በሁለት ወሩ አንተን ልሸከም? ትከሻዬ የሕዝብ ነው?" ከዚያ ትንፋሹ አለቀበት። "እኔ ደግሞ ከትሪንቼ ጋር ተጣልታችሁ መስሎኝ።"

"ከትሪንቼ ጋር ለምን?"

"በየማለዳው ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ሆና ትከተልሃለቻ! በዝናብም በነፋስም። በዚያች በዛገች ብስክሌቷ። ለውሻው ምልክት እጅህን ስትዘረጋ በሸምበቆው ውስጥ አፏን ይዛ ስትስቅ አይቻታለሁ። ከዚያ ቁጭ ብላ ስታለቅስ። የተጣላ ሰው ነዋ እንደዚህ የሚያደርገው አልኩ።"

በረቱ ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ። ሲጢጥ ባዩ ብስክሌት። ደወሉ። ጭቃው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍ በድምፅ የለየ ሰው የሚስቱን ካቴና አልለየም።

ሂልከ ከኋላዬ ጎንበስ ሲል ሰማሁ። የብስክሌቴን የኋላ ጎማ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አልተከራከርኩም። ቤት ድረስም አብሮኝ ሄደ፣ የኋላውን ጎማ በእጁ አንጠልጥሎ፣ እኔ መሪውን ይዤ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመ።

"ያን ሰኞ ስታልፈኝ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ?" አለ። "ግልግል። ለሰው የምለው አልነበረኝም። 'እንኳን አልቆመ' ነው ያልኩት። የተናደድኩት ቤት ገብቼ ነው፣ የምነግራት ሳጣ።"

እጁን ፈልጌ ጨበጥኩት። ሁለት ወር ያህል ዘገየሁ፤ ጨበጥኩት ግን።

ኤፕሪል 16
ትሪንቼ መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት።

"ኖቬምበር" አለች። "ጠብታ የታዘዘለት ሰው ጠብታ ያደርጋል። አንተ ጠርሙሱ እንኳ አልነበረህም።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አንድ የቀረህን ነገር እኔ ልንጠቅህ? ራስህ እስክትተወው ጠበቅኩ። በየቀኑ፣ ዛሬስ ውሃው ውስጥ ይገባ ይሆን እያልኩ።"

"የጉልበትሽ ሕመምስ?"

"እሱንማ ተወው፣ እሱ አይታይም።"

ሰባ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር በየማለዳው፣ በማርቹ ነፋስ፣ እኔ እንዳልሰማት እየተጠነቀቀች፣ እኔ ከመድረሴ በፊት በአቋራጭ ቤት ገብታ ሻይ እያፈላች። እኔ ደግሞ እሷን ከጭንቀት የምጠብቅ መስሎኝ ደብተር ላይ ጀግና ስሆን ከረምኩ። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ከኔ ጋር አርባ ስድስት ዓመት እንደተቀመጠች አላውቅም። ወፎቹን ሳደንቅ ዕድሜዬን ፈጀሁ።

ለማረይከ እኔው ራሴ ነገርኳት። ስለ ስዋኖቹ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

ሜይ 9
ሂልከ ከቀትር በፊት በር ላይ ደወል ደወለ። ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ይዟል፣ የእሱና የገርብሪክ። "ውጣ" አለ።

"እንደ ጆንያ ከኋላ አልጫንም።"

"ጆንያ ዝም ይላል። ውጣ።"

የኋላ መቀመጫውን ከፍ አድርጎት ነበር፤ ብሎኑን ሲፈታ ልቡ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። መያዣው ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ አለ፤ ገርብሪክ እጇ እንዳይበርዳት የጠመጠመችው። አልፈታሁትም።

ፔዳሉን በኃይል ስመታ ሂልከ ጮኸ። "ቀስ! ገርብሪክ በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ረግጣው አታውቅም። 'እኔ የማየውን እያየሁ ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ' ነበር የምትለው።" እኔም ረገጥኩ፤ ትንሽ ቀስ ብዬ።

ሂልከ ወፍ አያውቅም። የከብት ሰው ነው። "እዚያ ነጭ ነገር አለ" ይለኛል።

"አፉስ?"

"አፍ አለው።"

"እንዴት ያለ አፍ?"

"የወፍ አፍ ነዋ! ጫፉ ላይ ማንኪያ የያዘ የመሰለ።"

"ማንኪያ አፍ ነው! ስንት ናቸው?"

"ብዙ።"

"ብዙ ቁጥር አይደለም፣ ሂልከ!"

"ለስዋን ቆጣሪ ይበቃዋል" አለና እስከ ብረት ርብራቡ ድረስ ሳቀ። ድምፁ ከፍ ያለ፣ መጥፎ ሳቅ ነው፤ የናፈቀኝ ነበር። ሸምበቆው ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሥቶ በረረ፤ እኔም በክንፍ ድምፅ ቆጠርኩት። አሥራ አራት።

ሜይ 31
ይህን የምትጽፈው ትሪንቼ ናት፣ እኔ እናገራለሁ። የራሴን ጽሕፈት ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማንበብ አልቻልኩም። የደብተሩ ምስጢርነት ቀረ ማለት ነው። ስለ ኒንከ ምላስ ያልኩትን ከፊተኛው ገጽ አንብባ ሳቀች፤ ስለ ራሷ ጉልበት የጻፍኩትን አልፋዋለች።

ማረይከ በድምፅ ብቻ የሚቆጠሩትን ለኔ ሰጥታኛለች፣ የሸምበቆውን ክፍል። ሂልከ ማክሰኞና ዓርብ ይነዳኛል፤ ሌላውን ቀን ከትሪንቼ ጋር ግድቡ ላይ በእግር። የምንቃረ ጎባጦቹ ጫጩቶች ወጥተዋል። ትሪንቼ መዳፌ ላይ በጣቷ አሳየችኝ፣ ይሄን ያህላሉ፣ እግራቸው ይሄ ነው፣ አፋቸው ከአሁኑ ቀና ብሏል። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ቀርበውኝ አያውቁም።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ ጻፊ አልኳት። ስለ ራሴ አልጽፍም አለች። ደብተሩ የኔ ነው፣ ያልኩሽን ጻፊ አልኳት። እሺ፣ ተናገር አለች።

እዚህ ላይ ዊብረን ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሲጨርስ "ሁሉንም ጻፍሽው?" አለኝ። አዎ አልኩት። አልጻፍኩትም። የኔ ነው።